የአባትን ቀዬ ፍለጋ፦ ጎብኚ ወደማይበዛበት ስፍራ የሚደረግን ጉዞ ስለማቀድ

ጥቂት የዕረፍት ቀን ያገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ልሂድ?» ብሎ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ መልስ ሞልቷል። ቢሾፍቱ አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ አርባ ምንጭ አለ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ከመረጣቸው ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ የሆነችው ወንጪ አለች። ሁሉም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ከእንዲህ ያለው ጉዞ ስንመለስ ስልካችን በፎቶ ተሞልቶ ለሰው የምናወጋው ነገር የሚያጥረን ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ስንነሳም ከቦታው ጋር የሚያገናኘን ጉዳይ አልነበረንም። ጉዳይ ይዞ ለሚሄድ ሰው ግን አንድ ተራ የገጠር መንገድ እንኳን ለሦስት ቀን ይበቃዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዲህ ያለው ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ ሲሆን፣ ለምሳሌነት የምወስደውም ራሴ ሁለት ጊዜ ሄጄ አንዴ ያበላሸሁትን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጉራጌ ምድር፣ ወደ ቸሃ፣ አባቴ ወደተወለደበት ቀዬ ያደረግሁትን ጉዞ ነው።

አባቴ ገና ልጅ ሳለ መርካቶ የገባና ዕድሜውን በሙሉ እዚያው የሠራ ሰው ነበር። ስለ አገሩ ብዙ አያወራም፤ ሲያወራ ግን ሁልጊዜ የሚያነሳው ሁለት ነገር ነው፤ ጀፎረውንና በጀፎረው ጫፍ የቆመውን ትልቅ ዝግባ። ጀፎረ ላላየው ሰው በአንድ ቃል የሚገለጽ አይደለም። ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን የሚያዞሩበት፣ በሣር የተሸፈነ ሰፊ የጋራ ጎዳና ነው፤ ሙሽራ የሚታጀበው፣ ለቅሶ የሚወጣው፣ ፈረስ የሚጋለበው፣ ጥጃ የሚግጠው፣ ልጆችም የሚጫወቱት እዚያው ላይ ነው። ማንም ከጓሮው እያሰፋ አይገባበትም፤ የመንደሩ ሁሉ ነውና። አባቴ ከሞተ በኋላ ይህን ጎዳና በእግሬ የመሄድ ፍላጎት አደረብኝ፤ ጉዞው የተጠነሰሰውም በዚህ ነው።

እርስዎም ከሁሉ አስቀድመው የሚሄዱበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ይጻፉት። «ጉራጌ ዞንን ማየት» የሚለው ምክንያት አይባልም፤ በጣም ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ማንን ማግኘት እንደሚያስፈልግ፣ ምን ዓይነት ጫማ ማድረግ እንደሚገባ አይነግርዎትም። «አባቴ ጥጃ ሲጠብቅ የዋለበትን ጀፎረ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ መሄድና በልጅነቱ የሚያውቀውን አንድ ሰው ማነጋገር» የሚለው ግን ሁሉንም ይነግራል፤ እርጅና ላይ ያለን ሰው ለማነጋገር ሄዶ በግማሽ ቀን መመለስ እንደማይቻል፣ ከመንደሩ የሚያስተዋውቅ ዘመድ አስቀድሞ መገኘት እንዳለበት፣ መኪናው የት ላይ ቆሞ እግር የት ላይ እንደሚጀምር። ምክንያቱ የግድ የዘር ሐረግ መሆን የለበትም። እናቱ ለምድረ ከብድ አቦ የተሳለችውን ስለት ማድረስ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ለእርሱ የጉዞው ቀን ራሱ ተቆርጦለታል፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕለት መጋቢት 5 ነውና። ስለ ድንጋይ ሥራ የሚገርመው ደግሞ የቡታጅራን መንገድ ይዞ በመልካ ቁንጡሬ፣ በአዳዲ ማርያምና በጢያ ሊያልፍ ይችላል።

ጢያን ካነሳሁ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቆሞ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። በግቢው ካሉት 36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፤ የብዙዎቹ ምልክቶች ትርጉም እስካሁን በቅጡ አልተፈታም። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ የታወቀ ቢሆንም፣ በየድንጋዩ ላይ ያለውን የሰይፍ ቅርጽ አንድ በአንድ እየቆጠረ ረፋዱን የሚያሳልፍ ሰው ብዙ አላየሁም። ከሰው መንገድ ወጣ ማለት የግድ ስሙ ያልተሰማ ቦታ መሄድ አይደለም፤ የታወቀው ቦታ ላይ ሌላው የማይቆየውን ያህል መቆየትም ያው ነው።

ምክንያቱ ከተጻፈ በኋላ የሚመጣው ሥራ ሰው መፈለግ ነው፤ በእኔ ግምት ከዝግጅቱ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ ሊወስድ የሚገባውም ይኸው ነው። የተወለዱበት መንደር ወደ ከተማ ከሄዱ ልጆቹ ጋር ያለው ግንኙነት አይበጠስም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በዕድር፣ በዕቁብና በተወላጆች ማኅበር ተያይዟል። እኔ የጀመርሁት አባቴ አባል ከነበረበት ዕድር ነው። የዕድሩን ዳኛ አነጋገርሁ፤ እርሳቸው ወደ አንድ የመርካቶ ሸቀጥ ነጋዴ መሩኝ፤ ነጋዴው ደግሞ በቸሃ ባለችው በእምድብር ከተማ ወደሚኖሩ የአክስታቸው ልጅ ደወሉልኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንግዳ ሳልሆን የእገሌ ልጅ ሆኜ ሄድሁ። በገጠር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ለእንግዳ የሚነገረው ታሪክና ለልጅ የሚነገረው ታሪክ አንድ አይደለም።

ከሽማግሌዎች ጋር ሲነጋገሩ የሚከተሉትን በጽሑፍ ይዘው ይምጡ፦ የአያትና የቅድመ አያት ስም ወደ ላይ እስከተቻለ ድረስ፣ የጎሳው ስም፣ አጠገብ የነበሩ ጎረቤቶች ስም፣ ቤተሰቡ ይገበይበት የነበረው የገበያ ስምና ቀኑ፣ ይሳለምበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን ወይም ይሰግድበት የነበረው መስጊድ። የመንደሩን ስም ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ገጠሩ በገበሬ ማኅበራትና በቀበሌ ስለተደራጀ፣ የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰው የሚጠራው የመንደር ስምና ዛሬ በመታወቂያ ላይ የሚጻፈው የቀበሌ ስም ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። እኔ በእጄ የያዝሁትን የመንደር ስም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ የነበሩት ወጣቶች ሰምተውት አያውቁም ነበር፤ ከበራፉ ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ አዛውንት ግን ወዲያውኑ በእጃቸው አቅጣጫውን አሳዩኝ።

ጉራጌ አንድ ወጥ አለመሆኑንም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሰባት ቤት የሚባሉት፣ ማለትም ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ ጌቶ፣ ጉመር፣ እንደጋኝና ሙኽርና አክሊል፣ ለጋራ ዳኝነታቸው የጆካ ቅጫ የሚባለውን ባህላዊ ሕግ ይዘው የኖሩ ናቸው፤ በቡታጅራ መንገድ በኩል ያለው የሶዶ ክስታኔ ደግሞ የራሱ ቋንቋና የራሱ ሥርዓት አለው። የቋንቋው ልዩነት እስከዚህ ድረስ ነው፤ በአንዱ የተማሩት ሰላምታ በሌላው ላያስኬድ ይችላል። ስለዚህ የሚሄዱበትን አካባቢ ሰላምታ፣ «አመሰግናለሁ» የሚለውንና የአባትዎን ስም ጠርቶ «የእርሱ ልጅ ነኝ» የሚለውን አነጋገር ከዚያው አካባቢ ሰው ይማሩ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አማርኛ የማይችል ሰው ብዙ አይገጥምዎትም፤ ነገር ግን አንዲት እናት በአፍዎ የራሷን ቋንቋ ስትሰማ ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ ሲያዩ የለፉበት ጊዜ ይካሳል።

ወደ ጊዜው ልምጣ፤ የመጀመሪያውን ጉዞዬን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ጉራጌ ሲባል መስቀል ነውና በመስቀል ዋዜማ ተነሳሁ። መናኸሪያው ውስጥ የነበረው ሰው አይነገርም፤ አገሩን ትቶ የወጣ ሁሉ በዚያ ሳምንት ይመለሳል። ትርፍ ገንዘብ ከፍዬ የተከራየሁት መኪና ደግሞ ለአስፋልት እንጂ ለጭቃ የማይሆን ዝቅ ያለ መኪና ሆኖ ተገኘ፤ አከራዩ የሚሄድበትን መንገድ ጠይቆኝ የነገርሁት ቢሆንም። ከእምድብር ወጥተን ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማው ሰመጠ፤ የአካባቢው ጎረምሶች በሬ ጠምደው ሳይሆን በጫንቃቸው ተሸክመው አወጡት። መንደሩ ስደርስም ቤቱ ከየአቅጣጫው በመጣ ዘመድ ተሞልቶ፣ ክትፎው ሲቀርብ፣ ልጆች ሲሯሯጡ፣ ጭፈራው ሲደራ፣ ላነጋግራቸው የመጣሁት አዛውንት ሰላም ብለውኝ ወደ ሌላ እንግዳ ዞሩ። ደስ የሚል በዓል ነበር፤ ጉዳዬ ግን አልተነካም። በዓሉን ለማየት የሚፈልግ ሰው በመስቀል ይሂድ፣ አይቆጭበትም። አንድን ሰው በጸጥታ ለማነጋገር የሚፈልግ ግን ጭቃው ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ይምረጥ። ቤተሰቡ ክርስቲያን ከሆነ የጾም ቀናትን፣ ሙስሊም ከሆነም ረመዳንን አይቶ መወሰን ያስፈልጋል፤ ጿሚ ቤት ረፋድ ላይ ደርሶ እናት ለእንግዳ ምን ላቅርብ ብላ እንድትጨነቅ ማድረግ አይገባም። የመንደሩን የገበያ ቀንም ይጠይቁ። በገበያ ቀን ቤት ውስጥ ሰው አይገኝም፤ ገበያው ውስጥ ግን ሁሉም ይገኛል።

መንገዱን በአጭሩ ልግለጽ። ከአዲስ አበባ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ድረስ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በጉብርዬ በኩል ወደ እምድብር ይታጠፋል። በማለዳ መነሳትና በቀን ብርሃን ብቻ መጓዝ ልማድዎ ይሁን። ስለ መንገዱ ሰላም ከዜና ይልቅ በዚያ ሳምንት የተመላለሰ ሾፌርና በቦታው የሚኖር ዘመድ የሚናገሩትን ይመኑ፤ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት አንዴ፣ በመነሻው ማለዳ ደግሞ አንዴ ይደውሉ፤ «ቆዩ» ካሉ መቆየት ነው። ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ይያዙ። መታወቂያም አይርሱ፤ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ፓስፖርቱን ይያዝ።

ከዋናው መንገድ ወደ መንደሩ ያለው የመጨረሻው ክፍል በባጃጅ ወይም በሞተር ሊኬድ ይችላል፤ ጉልበት ያለው ሰው ግን በእግሩ ቢሄደው እመርጣለሁ። አባቴ በተቃራኒው አቅጣጫ የወጣው በእግሩ ነው። ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ፣ ጫትና እንሰት እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስንሄድ ያገኘን ሰው ሁሉ ወዴት እንደምንሄድና የማን ልጅ እንደሆንሁ ስለጠየቀ፣ መንደሩ ስንደርስ ወሬያችን ቀድሞን ደርሶ ቡና ተጥዶ ነበር።

የቀናቱን አደላደል በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ በአንድ ቀን ከአንድ በላይ የተቆረጠ ጉዳይ አይያዙ። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ አራት ቀን ያዝሁ፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለጀፎረው፣ አንዱ ደግሞ ለምንም። ለምንም ብዬ የተውሁት ቀን አብሮኝ የተጓዘውን ወንድሜን አሳስቦት ነበር፤ «ታዲያ ምን እንሠራለን?» አለኝ። የሠራነው የአባቴ የአጎት ሚስት እንሰት ሲፍቁ ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። የእንሰቱን ግንድ ሽፋን በዘመመ ጣውላ ላይ ዘርግተው፣ አንድ እግራቸውን አንሥተው ጫፉን በተረከዛቸው ረግጠው ይይዙታል፤ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ሲፍቁት ነጩ ሥጋ ከታች ይከመራል፣ ቃጫው ደግሞ በእጃቸው ይቀራል። ጉድጓዱ በእንሰት ቅጠል ተነጥፎ ሲጠብቅ አየሁ፤ የተፋቀው እዚያ ገብቶ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ሽታው ለለመደው የቤት ሽታ ነው፤ ለማያውቀው ልጅ ግን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አፍንጫውን የያዘ ልጅ ባለቤቲቱን ያሳፍራል። ሥራቸውን ሳያቋርጡ የነገሩኝ ነገር፣ አባቴ ከቤት የወጣው ተጣልቶ እንጂ ሥራ ፍለጋ ብቻ እንዳልነበረ፣ በየትኛውም የተዘጋጀ ጥያቄ ልደርስበት የምችለው አልነበረም።

ስለ ማረፊያ የሚኖረው ችግር እንግዳ ተቀባይነቱ መብዛቱ ነው። ዘመድ ቤት ካደሩ የሚታረደው ይታረዳል፤ ያ ደግሞ ለአንድ ገበሬ ቤት ቀላል ወጪ አይደለም። እኔ ወልቂጤ ፔንስዮን ይዤ አንድ ሌሊት ብቻ መንደሩ አደርሁ፤ እምቢ ማለት ያስቀይማል፤ ሁሉንም ሌሊት መቆየትም ይከብዳል። ስጦታው ቡናና ስኳር ይሁን፤ ለአዛውንት ጋቢ፣ ለእናት ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ትምህርት ቤት ካለም ደብተር ለመምህሩ ይሰጣል። ለልጆች በየመንገዱ ብር ማደል ለሚቀጥለው መንገደኛ ጣጣ ይተዋል፤ አይመከርም። ገንዘብ መርዳት ካሰቡም በሰው ፊት ሳይሆን ያስተዋወቀዎትን ዘመድ አማክረው ለቤቱ እናት ማድረስ ይሻላል።

ልጆቻቸውን ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ይዘው የሚመጡ ወላጆች ብዙውን ጊዜ ልጁ ተሰላቸብኝ ብለው ያዝናሉ። ልጅ የሚሰለቸው አዋቂ ሲያወራ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ብቻ ሲደረግ ነው። ሥራ ይስጡት፤ ድምፅ የሚቀዳው፣ የዘር ሐረጉን በደብተር የሚያሰፍረው፣ የቤቱን ንድፍ ከምሶሶው ጀምሮ የሚስለው እርሱ ይሁን። የእህቴ ልጅ፣ አማርኛው የተሰባበረው፣ አያቶቹን እስከ ስድስተኛው ትውልድ መዝግቦ ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ ደብተሩን ተቀብለው አንድ ስም አስተካከሉለት፤ ያን ዕለት ማታ ደብተሩን አቅፎ ነው የተኛው።

ቀረጻና ፎቶ በፈቃድ ይሁን። በመጀመሪያው ሰዓት ስልክ ከኪስ ባይወጣ ጥሩ ነው። ሽማግሌ ሲያነጋግሩ ጥያቄዎን ከሚያስታውሱት ነገር ይጀምሩ፤ «መቼ ተወለደ?» ከማለት ይልቅ «ያኔ ማን አብሮት ይጠብቅ ነበር?» ማለት ብዙ ይከፍታል። ዓመተ ምሕረት ላይ አይድረቁ፤ የገጠር ሰው ዘመንን የሚቆጥረው በጣሊያን መግቢያ፣ በረኀብ፣ በመሬት ላራሹ ነው፤ አንተርሶ ማስላት የእርስዎ ሥራ ነው።

ወደ ጀፎረው የወጣነው ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል አስኬደን፤ ሣሩ በከብት ተግጦ አጭርና ለስላሳ ነው፣ ከየቤቱ ጣራ ጢስ ይወጣል። ዝግባው አልነበረም። ከተቆረጠ ብዙ ዓመት እንደሆነውና እንጨቱም ለቤተ ክርስቲያን ሥራ እንደዋለ ነገሩን፤ ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለው ጉቶ ብቻ በሣር ተውጦ ቀርቷል። አንዲት የሰማንያ ዓመት እናት፣ ከአባቴ ጋር ጥጃ የጠበቁ፣ ጉቶው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። እንዲህ ያለው ነገር ሊያጋጥም እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ከዕቅዱ ክፍል ነው፤ የሚፈልጉት ዛፍ፣ ቤት ወይም መቃብር ላይኖር ይችላልና ከዕቃ ይልቅ ሰውን ማዕከል ያደረገ ዕቅድ ይያዙ።

ከተመለሱ በኋላ የሚቀር አንድ ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያጓድለውም እርሱን ነው። «ፎቶውን እንልክላችኋለን» ብለን የገባነውን ቃል በሁለት ሳምንት ውስጥ መፈጸም ይገባል፤ በስልክ የተላከ ምስል ስማርት ስልክ ለሌላቸው አዛውንት ምንም ስለሆነ አሳትሞ፣ በፖስታ አድርጎ፣ ስም ጽፎ በሚያውቁት ሾፌር መላክ ነው። እኔ አሥራ አንድ ፎቶ በወልቂጤ ሾፌር ላክሁ። በወሩ ዘመዳችን ደውሎ፣ ጉቶው ላይ ተቀምጠው ያነሳኋቸው እናት ፎቶአቸውን ምሶሶው ላይ እንደሰቀሉትና፣ አንድ ቅሬታ ብቻ እንዳላቸው ነገረኝ፤ ሻሻቸውን ሳያስተካክሉ ነው ያነሳኋቸው፣ ለጥር ስመጣ ደግሜ ማንሳት አለብኝ።